ውድድሩ ወደ ልጆቹ ይምጣ፦ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር እና ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር
ለትምህርት ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ልጃቸው ቼዝ ለሚጫወት ወላጆች ሁሉ
አዲስ አበባ

ክቡራንና ክቡራት፣

ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በፈቀደልኝ ክፍል ውስጥ ለሰፈሩ ልጆች ቼዝ አስተምራለሁ። 34 ልጆች አሉኝ። ቦርዶቹ 9 ናቸው፤ ሦስቱን ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ አስምረን ራሳችን ሠርተናቸዋል። የጠፉትን ጠጠሮች በለስላሳ ቆርኪ ተክተናል። የቼዝ ሰዓት ሁለት አለን። ይህን የምዘረዝረው ምጽዋት ፈልጌ አይደለም። ልጆቹ በቆርኪም ቢሆን ጨዋታውን አውቀውታል። የሚያስጨንቀኝ ከማወቅ በኋላ የሚመጣው ነው።

በቅርቡ ከተማሪዎቼ አንዷ፣ የ12 ዓመት ልጅ፣ የእናቷን ስልክ ይዛ መጣችና አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። ቦታው ሲንጋፖር ነው፤ ቀኑ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 2024። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የዓለም ሻምፒዮና የመጨረሻው፣ 14ኛው ጨዋታ ነው። ሁለቱ ተጋጣሚዎች እኩል 6 ነጥብ ተኩል ይዘዋል። ሻምፒዮኑ ቻይናዊው ዲንግ ሊረን በነጭ ይጫወታል፤ የ18 ዓመቱ ሕንዳዊ ጉኬሽ ዶማራጁ በጥቁር። ጥቁር አንድ ወታደር ቢበልጥም የሚከታተሉት አዋቂዎች ጨዋታው በአቻ አልቆ በነጋታው በፈጣን ጨዋታ ይለያያሉ ብለው ነበር። 55ኛው እርምጃ ላይ ዲንግ ሩክ የሚባለውን ጠጠሩን አንቀሳቀሰ። የጉኬሽ ፊት ተለወጠ። ሩክ ከሩክ፣ ቢሾፕ ከቢሾፕ ከተበላሉ በኋላ ሰሌዳው ላይ የሚቀሩት ነገሥታቱና ወታደሮቹ ብቻ እንደሆኑ፣ ያ ደግሞ ለእሱ ያለቀ ጨዋታ እንደሆነ ታይቶት ነበር። ከሦስት እርምጃ በኋላ ዲንግ እጁን ሰጠ።

ጉኬሽ አለቀሰ። እያለቀሰም ጠጠሮቹን አንድ በአንድ አንስቶ ወደ መነሻ ቦታቸው መለሳቸው። ከእሱ በፊት በዕድሜ ትንሹ የዓለም ሻምፒዮን በ1985 በ22 ዓመቱ ያሸነፈው ጋሪ ካስፓሮቭ ነበር።

ልጅቷ የወደደችው ለቅሶውን ሳይሆን ድርደራውን ነው። «ቲቸር፣ ዓለምን አሸንፎ እንኳን ሳይደረድር አልተነሳም» አለችኝ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እኔ ጎንበስ ብዬ ቆርኪ የምለቅምበት ጊዜ አብቅቷል፤ ልጆቹ ሳይደረድሩ አይነሱም። ቀጥላ የጠየቀችኝ ጥያቄ ግን ይህን ደብዳቤ አስጻፈኝ። «እኔ ግራንድማስተር ልሁን ብል ስንት ዓመት ይፈጅብኛል?» ግራንድማስተር በቼዝ ትልቁ ማዕረግ ነው።

የሒሳብ ሰው ነኝና ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳው ላይ ማስላት ጀመርኩ። መሐል ላይ አቆምኩ። ያቆምኩበትን ምክንያት ለእናንተ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ለዚያ ግን መጀመሪያ የልጁን መንገድ አብረን እንየው።

ጉኬሽ በሜይ 29 ቀን 2006 በደቡብ ሕንድ፣ በቼናይ ከተማ ተወለደ። አባቱ የአንገት በላይ ቀዶ ሐኪም፣ እናቱ የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ናቸው። ቤቱ የቼዝ ቤት አልነበረም። ጨዋታውን የጀመረው በ7 ዓመቱ፣ በሚማርበት በቬላማል ትምህርት ቤት ነው። በዚያው ዓመት፣ በኖቬምበር 2013፣ የዓለም ሻምፒዮናው እዚያው ቼናይ ውስጥ ተካሄደ። የከተማው ልጅ ቪስዋናታን አናንድ ዘውዱን ለኖርዌዩ ማግነስ ካርልሰን አስረከበ። ትንሹ ጉኬሽ ከተመልካቹ መሐል ተቀምጦ፣ ተጫዋቾቹ ያሉበትን የመስታወት ክፍል እያየ፣ አንድ ቀን እዚያ ውስጥ ብቀመጥ ብሎ እንደተመኘ ራሱ ተናግሯል። ከ11 ዓመት በኋላ ሲንጋፖር ላይ የተቀመጠው እንደዚያው ባለ የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ምኞቱ አይደለም። የሰባት ዓመት ልጅ የማይመኘው ነገር የለም። የሚገርመኝ የዓለም ሻምፒዮናው እሱ በሚኖርበት ከተማ መገኘቱ ነው። ያንን ለማየት ቪዛ አልጠየቀም፤ አውሮፕላን አልተሳፈረም። ውድድሩን ወደ ቼናይ ያመጣው የታሚል ናዱ ክልል መንግሥት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ቀላል አልነበረም። በማርች 2018 ፈረንሳይ ውስጥ፣ ከግራንድማስተር አንድ ደረጃ ዝቅ የሚለውን የኢንተርናሽናል ማስተር ማዕረግ መስፈርት አሟላ። በዚያው ዓመት ታይላንድ ላይ በእስያ የታዳጊዎች ውድድር አምስት ወርቅ ወሰደ፤ ስፔን ላይ ከ12 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በጃንዋሪ 15 ቀን 2019፣ ዴልሂ ላይ፣ በ12 ዓመት ከ7 ወር ከ17 ቀኑ ግራንድማስተር ሆነ። በጊዜው ከእሱ ባነሰ ዕድሜ ማዕረጉን ያገኘ አንድ ሰርጌ ካርያኪን ብቻ ነበር፤ ልዩነታቸውም 17 ቀን ብቻ።

እንዲህ በሦስት መስመር ሲጻፍ ያማረ ነው። አባትየው ግን ልጁን ይዞ ከአገር አገር ለመዞር የሕክምና ሥራውን ትቶ ነበር። ቤቱ የቆመው በእናትየው ደመወዝ ነው። ጉኬሽ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ እንደተናገረው፣ በ2017 እና በ2018 ገንዘብ አጥሯቸው የወላጆቹ ወዳጆች ናቸው ወጪውን የሸፈኑላቸው። አባቱ ሐኪም፣ እናቱ የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ የሆኑለት ልጅ እንኳን በወዳጅ መዋጮ ነው የዞረው። የጉሊት ነጋዴ ልጅ በምን ትዙር?

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ጉኬሽ ከ4ኛ ክፍል በኋላ መደበኛ ትምህርቱን ትቷል። እኔ መምህር ነኝ፤ ይህንን ለማንም ልጅ አልመክርም። ለእሱ ሠርቶለታል፤ ከእሱ ጋር ትምህርት አቋርጠው የትም ያልደረሱ ልጆች ግን በዜና አይነገሩም። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው የሚዞሩበትን መንገድ አይደለም። የምጠይቀው ተቃራኒውን ነው።

አሁን ወደ ሰሌዳው ልመለስ።

በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን በፊዴ ሕግ፣ አንድ ተጫዋች በመደበኛው መንገድ ግራንድማስተር ለመባል ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። ሬቲንጉ፣ ማለትም ብርታቱ የሚለካበት ነጥብ፣ 2500 መድረስ አለበት፤ በተጨማሪ ኖርም የሚባለውን ውጤት፣ ጨዋታዎቹ ተደምረው ቢያንስ 27 እስኪሆኑ፣ በአብዛኛው ሦስት ጊዜ ማስመዝገብ አለበት። ለአንድ ኖርም ቢያንስ 9 ጨዋታ በ2600 ደረጃ መጫወት ያስፈልጋል። እሱም ብቻ አይበቃም፤ ከተጋጣሚዎቹ ሲሶው ግራንድማስተሮች፣ ቢያንስ ግማሹ ማዕረግ ያላቸው መሆን አለባቸው፤ ከሌላ አገር የመጡም ሊኖሩ ይገባል። ደንቡ ትክክል ነው። ሰው በሰፈሩ ልጆች ላይ ብቻ ነግሦ ማዕረግ እንዳይወስድ ነው። እኛ አገር ግን እስካሁን አንድም ግራንድማስተር ስለሌለን፣ ሦስት ግራንድማስተሮች የሚገጥም ልጅ ከውጭ ካልመጡለት በቀር አገሩ ውስጥ ሆኖ ሊገጥማቸው አይችልም።

ኖርሙን እንተወው፤ እሱ ሩቅ ነው። ሬቲንጉን እንይ። ዓለም አቀፍ ሬቲንግ የሚጀምረው ከ1400 ነው። ከዚያ እስከ 2500 ድረስ 1100 ነጥብ አለ። ሬቲንጉ ከ2300 በታች የሆነ ታዳጊ አቻውን ሲያሸንፍ 20 ነጥብ ይጨመርለታል። ልጅቷ ይህንን ስትሰማ ቶሎ ብላ አካፈለች፤ «55 ጨዋታ!» አለች። ክፍሉ ሳቀ፤ ደስ አላቸው። እኔም ስሌቱ እንዲህ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ እያሸነፈች ስትሄድ በዙሪያዋ ያሉት ባሉበት ይቀራሉ። በ400 ነጥብ የምትበልጠውን ልጅ ስታሸንፍ የምታገኘው 3 ነጥብ ከጥቂት ነው። ከዚያው ልጅ ጋር አቻ ብትወጣ ወደ 17 ነጥብ ይቀነስባታል። አንድ ቀን ራሷን ቢያማት፣ አንድ ቀን ፈተና ላይ አምሽታ ብትመጣ፣ የአምስት ድል ፍሬ በአንድ አቻ ይሄዳል። በተቃራኒው በ400 ነጥብ የሚበልጣትን ሰው አንዴ ብታሸንፍ ወደ 37 ነጥብ በአንድ ጊዜ ታገኛለች። ነጥብ እንደ ውኃ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ከላይ የሚፈስ ከሌለ እርስ በርሳችን ያንኑ የቋጠርነውን ውኃ እንቀዳዳለን። ማንም ተነጥሎ ከፍ ሊል አይችልም፤ ተሰጥኦ ስለጎደለው አይደለም፣ የሚቀዳበት ስለሌለ ነው።

ጠመኔውን ያስቀመጥኩት እዚህ ላይ ነው። ለ12 ዓመት ልጅ «መልሱ የአንቺ ጉብዝና ላይ የተመሠረተ አይደለም» ብዬ መናገር አልቻልኩም። «ቅዳሜ እንጨርሰዋለን» አልኳት።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። የጉኬሽንም የካርያኪንንም ዕድሜ የሰበረው አሜሪካዊው አቢማንዩ ሚሽራ በ2021 በ12 ዓመት ከ4 ወር ከ25 ቀኑ ግራንድማስተር የሆነው ኒው ጀርሲ ሳይሆን ቡዳፔስት ላይ ነው። ከአባቱ ጋር ወደ ሃንጋሪ ሄዶ፣ ለማዕረግ የሚሆን ውድድር በተደጋጋሚ በሚዘጋጅበት በዚያ ከተማ ለወራት ተቀምጧል። የአሜሪካ ልጅ እንኳን ውድድሩ ወዳለበት ሄዷል። መሄድ ለሚችል ጥሩ ነው። ከዓመታት በፊት ከተማሪዎቼ አንዱ በሌላ የአፍሪካ አገር በተዘጋጀ የታዳጊዎች ውድድር ላይ እንዲሳተፍ ተጋብዞ ነበር። አባቱ ሾፌር ነው። የትኬቱን ገንዘብ መምህራን አዋጥተን፣ ዘመድ ጨምሮበት፣ ሞልቶ እጃችን ሲገባ ምዝገባው ከተዘጋ አራት ቀን አልፎ ነበር። ማንንም አልወቅስም፤ ሁሉም የሚችለውን አድርጓል። ልጁ ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ መጣ፤ ሦስተኛው ላይ ቀረ።

ወደ ቼናይ ልመልሳችሁ፤ የዚህ ሁሉ መድኃኒት ያለው እዚያ ነውና።

ቼናይ ዛሬ የግራንድማስተሮች ከተማ ናት። ድሮ ግን አልነበረችም። የሕንድ የመጀመሪያው ኢንተርናሽናል ማስተር ማኑኤል አሮን ማዕረጉን ያገኘው በ1961 ነው። እሱ በ1972 በከተማዋ በነበረው የሶቪየት ባህል ማዕከል ውስጥ በሚካኤል ታል ስም የሚጠራ የቼዝ ክለብ አቋቋመ። ቦርድ፣ መጽሐፍ፣ ተጋጣሚ የሚገኝበት አንድ ክፍል ነበር። ትንሹ አናንድ ያደገው እዚያ ነው። አናንድ በ1988 የሕንድ የመጀመሪያው ግራንድማስተር ሆነ። ሁለተኛው የመጣው በ1991፣ ሦስተኛው በ1997 ነው። አስተውሉ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ያላት አገር በአሥር ዓመት ሦስት ሰው ብቻ አወጣች። ዛሬ ከ80 በላይ ናቸው። በመሐል የተለወጠው የሕንዳውያን አእምሮ አይደለም። ውድድሩ አገራቸው ገባ። ዴልሂን የመሳሰሉ ከተሞች በየዓመቱ የውጭ ግራንድማስተሮች የሚመጡበት ክፍት ውድድር አዘጋጁ። ጉኬሽ የመጨረሻዋን ደረጃ የረገጠው እዚያ፣ በአገሩ ምድር ላይ መሆኑን ያነሳሁት ለዚህ ነው።

የታሚል ናዱ መንግሥት ደግሞ ከ7 እስከ 17 ዓመት ያሉ ተማሪዎች ቼዝ እንዲማሩ በትምህርት ቤቶች ውስጥ ፕሮግራም ዘረጋ። በ2022 የዓለም ቼዝ ኦሊምፒያድ በዩክሬን ጦርነት ምክንያት ከሩሲያ ሲነሳ፣ ቼናይ በጥቂት ወራት ዝግጅት ተቀበለችው። የከተማዋን የኔፒየር ድልድይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ቼዝ ቦርድ በጥቁርና ነጭ ቀቡት። የ16 ዓመቱ ጉኬሽ ለሕንድ ሁለተኛ ቡድን በአንደኛ ቦርድ ተሰልፎ ስምንት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፤ አሜሪካን የወከለውን ፋቢያኖ ካሩአናን ጨምሮ። በ10ኛው ዙር ከኡዝቤኪስታኑ አብዱሳቶሮቭ ጋር አሸንፎት የነበረውን ጨዋታ ተሸነፈና ቡድኑ ወርቁን አጣ። ሕዝቡ እያየው፣ በገዛ ከተማው። ልጁን የሠራው ስምንቱ ድል ነው ወይስ ያቺ አንዷ ሽንፈት፣ እኔ መወሰን አልችልም። ሁለቱንም ግን ቤቱ ሆኖ ነው ያገኛቸው።

ለእናንተ በተለይ እንድታዩልኝ የምፈልገው የ2023 ዲሴምበርን ነው። የዓለም ሻምፒዮኑን የሚገጥመው ሰው ወደሚለይበት የካንዲዴትስ ውድድር ለመግባት የዓመቱ ነጥብ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀርቶ ነበር፤ ጉኬሽ ደግሞ ነጥብ ጎድሎታል። የታሚል ናዱ ስፖርት ባለሥልጣን ስምንት ጠንካራ ተጫዋቾችን በጥድፊያ ጠርቶ ቼናይ ላይ ውድድር አዘጋጀ። ጉኬሽ ከአርጁን ኤሪጋይሲ ጋር እኩል ነጥብ ይዞ በማለያያ ስሌት አንደኛ ወጣ፤ ካንዲዴትስ ገባ። ጊዜው ጠብቦ መዘጋጀቱን የተቹ ነበሩ፤ ትችታቸውንም እረዳለሁ። እኔ የማየው ግን አንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ ልጅ ብሎ ከጠረጴዛው መነሳቱን ነው። በአራት ወር ውስጥ ልጁ ቶሮንቶ ላይ ካንዲዴትስን በ17 ዓመቱ አሸነፈ፤ በውድድሩ ታሪክ ከእሱ ያነሰ ያሸነፈ የለም። እዚያም በ7ኛው ዙር በአሊሬዛ ፊሩዝጃ ከተሸነፈ በኋላ ነው የተነሳው። በዚያው ዓመት ሕንድ ቡዳፔስት ላይ በወንዶችም በሴቶችም የኦሊምፒያድ ወርቅ ወሰደች። ዲሴምበር ላይ ደግሞ ሲንጋፖር፤ ያንን ነግሬያችኋለሁ።

ከዚያው ከቬላማል ትምህርት ቤት ሌላው ግራንድማስተር ፕራግናናንዳም ወጥቷል። እህቱ ቫይሻሊ በ2023 ማጠቃለያ ግራንድማስተር ስትሆን በዓለም የመጀመሪያዎቹ ወንድምና እህት ግራንድማስተሮች ሆነዋል። ከአንድ ትምህርት ቤት ይህ ሁሉ ሲወጣ ስለ ተሰጥኦ ብቻ ማውራት ይከብዳል።

ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ በቆጂን እናውቃታለን። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በአንዲት የአርሲ ከተማ የስፖርት መምህር ሆነው ከጀመሩ በኋላ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ጥሩነሽ ዲባባን አይተዋል። ለምን በቆጂ ቢባል አየሩ ነው፣ ከፍታው ነው ይባላል፤ ልክ ነው። ከፍታ ያላቸው ሌሎች ከተሞች ግን አሉን። በቆጂ ላይ ልጅ ሲሮጥ አጠገቡ ከእሱ የሚበልጥ ሯጭ ይሮጣል። ጠዋት ሜዳው ላይ የምትከተለው ተረከዝ አላት። ለሯጭ ተረከዝ የሆነው ለቼዝ ልጅ የሚበልጠው ተጋጣሚ ነው። እኛ በሩጫ የምናውቀውን በቼዝ እንድናደርገው ነው የምለምነው።

ጨዋታውም ቢሆን ከውጭ የመጣ ጉድ አይደለም። አባቶቻችን ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1800ዎቹ መጀመሪያ ወደ ትግራይ ሲመጣ ራስ ወልደ ሥላሴ በዚህ ጨዋታ ጊዜያቸውን እንደሚያሳልፉ ጽፏል። የእኛ ሰንጠረዥ ራሱን የቻለ ሕግ ነበረው፤ መጀመሪያ ላይ ተራ አይጠበቅም፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም እንደፈለጉ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ልጆቼ ይህንን ጨዋታ ሳስተምራቸው ክፍሉን በጩኸት ያፈርሱታል። ትምህርት ሚኒስቴር ለታሪክም ለሒሳብም ማስተማሪያ ቢያውለው ምኞቴ ነው፤ ይሁንና የዛሬው ጥያቄዬ እሱ አይደለም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቀኑ ቀድሞ የታወቀ፣ በፊዴ የተመዘገበ፣ ቢያንስ 9 ዙር ያለው ዓለም አቀፍ ውድድር አዲስ አበባ ላይ ይዘጋጅ። ከኢትዮጵያ ቼዝ ፌዴሬሽን ጋር ሆናችሁ አራት አምስት ግራንድማስተሮች ጋብዙ። ግብፅ ብዙ አሏት፤ ሕንድም እንዲሁ። ከካይሮም ከዴልሂም በአየር መንገዳችን ቀጥታ ይመጣል። የአንድ ልጅ የአንድ ዓመት የውጭ ጉዞ ከሚፈጀው ብዙ የማይበልጥ ገንዘብ ለአንድ ክፍል ሙሉ ልጆች ይደርሳል። በዚያ ውድድር ላይ ለታዳጊዎች የተጠበቁ ወንበሮች ይኑሩ፤ ከአዲስ አበባ ብቻም አይሁን፣ ከባሕር ዳርም፣ ከሐዋሳም፣ ከድሬዳዋም ይምጡ። ትምህርት ሚኒስቴር ቀኑን ከፈተና ጋር እንዳይጋጭ አድርጎ በትምህርት ካላንደር ውስጥ ያስገባልን፤ ልጅ ውድድር ወይም ፈተና ብሎ እንዳይመርጥ። ግራንድማስተሮቹ ከመመለሳቸው በፊት ደግሞ አንድ ከሰዓት በኋላ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሠላሳ ልጆችን በአንድ ጊዜ ይጫወቱ። ለዚያ ቆርኪውም ይበቃል።

«ስንት አንገብጋቢ ነገር እያለ ቼዝ?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። እኔም ደመወዝ ሲዘገይ ያስተማርኩ፣ ቁርስ ሳይበሉ የመጡ ልጆች ፊት የቆምኩ ሰው ነኝ። ቼዝ ዳቦን ይተካል አልልም። ግን እነዚያው ቁርስ ያልበሉ ልጆች ቅዳሜ ማንም ሳያስገድዳቸው ሁለት ሰዓት ተኩል ዝም ብለው ያስባሉ። በሠላሳ አንድ ዓመት መምህርነቴ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይህንን አላየሁም።

ዛሬ ውድድሩ ቢጀመር ነገ ግራንድማስተር ይወጣልም አልልም። ሕንድ ከአናንድ እስከ ጉኬሽ 36 ዓመት ፈጅቶባታል። ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች የዛምቢያው አሞን ሲሙቶዌ በ2009፣ ከእሱ በኋላ የደቡብ አፍሪካው ኬኒ ሰለሞን የ2014ን የአፍሪካ ሻምፒዮና አሸንፎ ግራንድማስተር ሆነዋል። የእኛም ተራ ጊዜ ይወስዳል። ልጆቼ መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው በ400 ነጥብ የሚበልጣቸው ሰው ፊት መቀመጥ ነው። መሸነፍ፣ መጻፍ፣ ቤት ሄዶ መመርመር። የጉኬሽ አሰልጣኝ ቪሽኑ ፕራሳና ልጁ ግራንድማስተር እስኪሆን ድረስ በኮምፒውተር የቼዝ ፕሮግራም እንዲሠራ አልፈቀደለትም፤ በራሱ ጭንቅላት እንዲያስብ። ኮምፒውተር የሌላቸው ልጆቼ ይህንን ስነግራቸው እንዴት እንደተያዩ ብታዩ። የጎደላቸው ነገር ለአንዴ ጥቅም ሆኖ ታያቸው።

ልጅቷ ስሌቱን አልረሳችም። በየሳምንቱ «ቲቸር፣ እንጨርሰዋለን ብለውኝ ነበር» ትለኛለች። ሰሌዳው ላይ 1100 ብዬ ጽፌ ከስሩ ያሰመርኩባት መስመር ትደመሰሳለች፤ እሷ መልሳ ትጽፋታለች። የምሰጣት መልስ በእናንተ እጅ ነው ያለው። በደብዳቤ ብትመልሱልኝ፣ እሺም ይሁን ገና ነው የሚል፣ ለሁሉም አነብላቸዋለሁ። በአካል ብትመጡ ደግሞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ተኩል እዚያው ነን። ከመጣችሁ ከእሷ ጋር አንድ ጨዋታ ተጫወቱ፤ ነጩን ስጧት አትበሉ፣ ዕጣ ማውጣት ትወዳለች።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ጡረተኛ የሒሳብ መምህርና የቅዳሜ ቼዝ አስተማሪ
አዲስ አበባ